ጨርቅ አይዋሽም

በወላይታ ምድር የመጀመሪያው የፊልም ተዋናይ እኔ ነኝ። የሚጠራጠር ካለ ይምጣና ሶዶ መናኸሪያ ቆሞ የእኔን ዘመን ተማሪ ይጠይቅ። ፊልሜን ያላየ የለም። ዳሞታ ተራራ ራሱ ጎንበስ ብሎ ያየኝ ይመስለኛል። እርግጥ ነው፣ የታየው እጄ ብቻ ነው። እሱም ቀኝ እጄ፣ ከአንጓው በታች ያለው። ግን እጅስ የሰው አካል አይደለም እንዴ?

ይህን ያነሳሁት በሸሚዝ ምክንያት ነው። ትናንት አልጫ ያንጠባጠብኩበትን ነጭ ሸሚዜን ዛሬ ጠዋት ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፌ በልብስ ሳሙና ሳሸው፣ ልጄ በሩ ላይ ቆማ ጮኸች።

"አባዬ! ደም! ሸሚዝህ ደማ!"

"ደም አይደለም፣ እርድ ነው" አልኳት። "እርድ ሳሙና ሲያገኘው እንዲህ ነው።"

"ማን ነገረህ?"

"ማን ነገረህ ትላለች! ለዓለም የነገርኩት እኔ ነኝ።"

አላመነችኝም። በእኛ ቤት እኔን ማመን ከተቋረጠ ቆይቷል። የሳሙናውና የእርዱ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ግን እግሬ እንደ ድሮው መወዛወዝ ጀመረ። ይህን ስጽፍልህ እንኳ ተነስቼ በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ያ ዘመን ሲመጣብኝ ወንበር አይችለኝም።

አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ፕላዝማ የተሰቀለበት ጊዜ ነው፤ በብረት ሳጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉን የሚይዘው ሰው ከርዕሰ መምህሩ በላይ የሚፈራበት። ደወል ሲደወል ሳጥኑ ይከፈትና ኬሚስትሪ የምታስተምረን ሴት በሳተላይት ከሰማይ ትወርዳለች። እንግሊዝኛዋ ከዳሞታ ቁልቁል የተለቀቀ፣ ፍሬኑ የተበጠሰ ሚኒባስ ነው። "ናው ዱ ዘ አክቲቪቲ" ትልና የሰዓት ምልክት ብቅ ይላል፤ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ። እኛ ገና እርሳስ እየተዋዋስን "ቬሪ ጉድ!" ብላ ታመሰግነናለች። በሕይወቴ ምንም ሳልሠራ እንደዚያ ተመስግኜ አላውቅም፤ ሚስቴ ምስክር ናት።

ክፍሉ ጢም ያለ ነበር። መተንፈስ እንኳ በተራ ነው ብልህ ብዙም አላጋነንኩም። የዝናብ ጫማ፣ የጠመኔ ብናኝ፣ የትናንት በቆሎ ሽታ ይታፈናል። እኔ መሀል ላይ ተጣብቄ እግሬን ሳወዛውዝ ወንበሩ በሙሉ አብሮኝ ይወዛወዛል። "ይሄ ልጅ በባትሪ ነው የሚሠራው" ይሉኝ ነበር።

እውነተኛው የኬሚስትሪ መምህራችን ቀጭን የቦዲቲ ልጅ ነበር። ሴትየዋ ከመምጣቷ በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ከሄደች በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። መሀሉን ግድግዳ ተደግፎ፣ ጠመኔውን በጣቶቹ እያሸ ያያታል፤ ሚስቱን በመድረክ ላይ ሌላ ሰው ሲያስጨፍርበት እንደሚያይ ሰው።

አንድ ቀን ሴትየዋ "ቤዝ" ብላ ልትቀጥል ስትል መብራት ጠፋ። መምህሩ ነፍስ ዘራ። "እሺ፣ ቤዝ ማለት ምንድን ነው?" አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብቻ ይሰማል። በመስኮቱ በኩል የምትቀመጠው የአረካ ልጅ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሴትየዋ ልትነግረን ስትል መብራት ሄደች።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። "እኔ አልቀለድኩም" አለች። "ፈተናው ደርሷል። አሲድም ቤዝም በዓይኔ አላየሁም። ያላየሁትን ምን ብዬ ልመልስ?"

ስለዚህች ልጅ ልንገርህ። ከአረካ መጥታ ሶዶ ውስጥ ከሰው ግቢ ጓሮ ክፍል ተከራይታ ነበር የምትማረው። ካለፈች ሐዋሳ ያለው አጎቷ ወስዶ ፕሪፓራቶሪ ያስገባታል። ካላለፈች አረካ ተመልሳ አባቷ ሱቅ ውስጥ ጨው ትመዝናለች። ይህን ሁሉም ያውቅ ነበር። እኔ ደግሞ ይህች ልጅ አንድ ጊዜ ዞር ብላ እንድታየኝ ያላደረግኩት ነገር አልነበረም። እንደ አህያ ጮኬያለሁ። የፕላዝማዋን ሴት አስመስዬ "ቬሪ ጉድ" ብያለሁ። በመስኮት ገብቼ በመስኮት ወጥቻለሁ። እሷ ግን ዓይኗን ከሰሌዳው አታነሳም። ስለ እኔ ያላት እውቀት ስለ ቤዝ ካላት ያነሰ ነበር።

በማግስቱ መምህሩ አንድ ሐሳብ ይዞ መጣ። "ሴትየዋ እንደ ዝናብ ታወርድባችኋለች" አለን። "እኛ በማንኪያ እንሰጣለን። አጭር አጭር ፊልም እንሠራለን። አንድ ነገር ብቻ፣ በአማርኛና በወላይትኛ፣ ሻይ ጠጥቶ ለመጨረስ በሚበቃ ጊዜ።"

"የት ነው የምናየው ቲቸር? ፕላዝማው ላይ?"

"ፕላዝማውን ብነካ ያባርሩኛል። ቪዲዮ ቤት ነው የምናየው።"

ቪዲዮ ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ባለቤቱ ቅዳሜና እሁድ የሠርግ ካሜራማን ነው፤ በከተማው ውስጥ የሙሽራ እንባን እንደ እሱ አቅርቦ የሚያነሳ የለም። መምህሩ ሲለምነው ጭንቅላቱን አከከ። "ይሁን ቲቸር፣ ጠዋት ጠዋት ቤቱ ባዶ ነው። ባዶ ካሴት ግን የለኝም። ሠርግ ያለበት ካሴት ጭራው ላይ እንቀርጻለን፤ በኋላ እለየዋለሁ።"

ይህን "በኋላ እለየዋለሁ" የሚለውን ቃል ያዝልኝ።

ለተዋናይነት የተመረጥኩት እኔ ነኝ። መምህሩ ምክንያቱን ሲናገር "ይሄ ልጅ አያርፍም፤ ቢያንስ እጁ ሥራ ይያዝ" አለ። እኔ የሰማሁት "ተመርጠሃል" የሚለውን ብቻ ነው። ያን ቀን ፀጉሬን በቫዝሊን እስኪያብለጨልጭ ቀባሁት። የወንድሜን ኮት ለበስኩ። የአረካዋ ልጅ ፊቴን ከግድግዳው ስፋት እኩል ሆኖ ስታየው ምን እንደምትል እያሰብኩ ከቤት እስከ ቪዲዮ ቤቱ ሮጥኩ። ካሜራማኑ በካሜራው ቀዳዳ አየኝና ቀና አለ።

"ቲቸር፣ ፊቱ ይቅርብን። መብራቱን ዋጠብኝ። እጁን አምጣልኝ።"

ተዋናይነቴ እንዲህ አንጓዬ ላይ ተቆረጠ።

ከቪዲዮ ቤቱ ጓሮ፣ ለሥራ የተዘጋጀ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ዘረጋን። የከሰዓቱ ፀሐይ በባሕር ዛፎቹ መሀል ገብታ ጠረጴዛው ላይ ትወድቅ ነበር። መምህሩ እርድ በውኃ በጥብጦ ጨርቁን ነከረው። በአንድ ብርጭቆ የሳሙና ውኃ፣ በሌላው ሎሚ። ሥራዬ የሳሙናውን ውኃ ቢጫው ጨርቅ ላይ ጠብ ማድረግና ሲቀላ "ዞኦ! ቀላች!" ብሎ መጮህ ነው። በወላይትኛ ዞኦ ማለት ቀይ ነው፤ ጨርቁን "ቀላች" ያልኩት ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ አፌ ነው። የእኛ አገር አማርኛ ወንዱንና ሴቱን ለመለየት ብዙ አይጨነቅም።

ጠብ አደረግኩ። ጠበቅኩ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ትጠብቃለህ? ቀላ እኮ!" አለ መምህሩ።

ደግመን ጀመርን። አሁን ደግሞ ቸኮልኩና ጠብታው ሳይወርድ "ዞኦ!" አልኩ። ካሜራማኑ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ካሜራው ተንቀጠቀጠ። መምህሩ ላቡን ጠረገ። "በቃ፣ ጊዜው ሲደርስ በጠረጴዛው ሥር እረግጥሃለሁ" አለ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሰመረ። ጫማው ሹል ነበር፤ ፊልሙ ላይ "ዞኦ!" ስል በድምፄ ውስጥ የሚሰማው ደስታ ሳይሆን የትንሿ ጣቴ ሕመም ነው። ፍዝ ነው፣ ቀልቡ የለም አሉኝ። እኔም ተቀበልኩ። ከዚያ በፊትም ቡና ስለቅም ጥሬውን ከበሰለው ስለምቀላቅል አክስቴ ከጓሮዋ አባርራኝ ታውቃለች፤ ቀልብ የለውም ብላ።

መጨረሻ ላይ መምህሩ ከካሜራው ጀርባ፣ እንደ ዳኛ በወፈረ ድምፅ፣ ፊልሙን ዘጋው። "ማስረጃው ይህ ነው። ጥርጣሬ ያለው ጨርቁን ይጠይቅ። ጨርቅ አይዋሽም።"

ሌሎችንም ትምህርቶች በሁለት ሳምንት ቀረጽን፤ ሁሉም እዚያው ካሴት ላይ። ሰኞ ጠዋት ልናሳይ፣ በዚያው ሳምንት ፈተና ልንቀመጥ፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ካሜራማኑ እያለከለከ መጣ።

"ቲቸር፣ ሞተናል። ካሴቱን ለሙሽራዋ ቤተሰብ ሰጥቻለሁ።"

"ለይተኸው?"

ካሜራማኑ ራሱን አከከ።

መምህሩና እኔ ሮጥን። ካሜራማኑ "እኔን ካዩ ይገድሉኛል" ብሎ ቀረ። የሙሽራዋ ቤተሰብ ከሰሜን የመጡ የድሮ ሹማምንት የልጅ ልጆች ናቸው። እዚያው ሶዶ ተወልደው ወላይትኛውን ከእኛ በላይ ያንቆረቁሩታል፤ በሠርግ ጊዜ ግን የአያቶቻቸው ወግ ከሳጥን ይወጣል። ግቢው በዘመድ ተሞልቷል። ሳሎኑ ውስጥ የሠርጉ ፊልም እየታየ ነው። በር ላይ ስንደርስ ሙሽራዋ ከሚዜዎቿ ጋር ስትጨፍር አየን። ከዚያ ምስሉ ጨለመ። ከዚያ በመላው ሶዶ ሠርግ ታሪክ ያልታየ ነገር ታየ።

ነጭ ጨርቅ። አንድ እጅ፣ አውራ ጣቱ ላይ ጠባሳ ያለበት። ጠብ። በጨርቁ መሀል ቀይ እድፍ ቀስ ብሎ ሲሰፋ። ከዚያ የእኔ ድምፅ፦ "ዞኦ! ቀላች!"

አንተም የብር አምባርን ወግ ታውቀዋለህ፤ ከሠርጉ ማግስት ሚዜዎች ይዘውት የሚጨፍሩት ጨርቅ ምን እንደሆነ አላስረዳህም። ሙሽራዋ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። ሙሽራው የምንጣፉን አበባ መቁጠር ጀመረ። የመምህሩ ወፍራም ድምፅ ተከተለ፦ "ማስረጃው ይህ ነው። ጥርጣሬ ያለው ጨርቁን ይጠይቅ።" ከኋላ የተቀመጡ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ነገሩ ገባቸውና "እልልልል!" አሉ።

የሙሽራዋ አባት ተነሱ። "ማነው ይህን የቀረጸ!"

መምህሩ ከበሩ ላይ እጁን አወጣ፤ እንደ ተማሪ። "እኔ ነኝ ጋሼ። ኬሚስትሪ ነው።"

"ኬሚስትሪ የማን ልጅ ነው?"

እኔ ለመሮጥ ዞሬ ነበር። መምህሩ በኮሌታዬ ያዘኝ። "ጋሼ፣ እርድና ሳሙና ያምጡልኝ። ካልዋሸሁ ካሴቴን ይሰጡኛል። ከዋሸሁ ለፖሊስ ይሰጡኛል።" ኮሌታዬን ግን አልለቀቀም። "ነገ ጠዋት ተማሪዎች ይጠብቁኛል። ሌላ ቅጂ የለኝም።"

እርድ መጣ። ሳሙና መጣ። ነጭ መሐረብ ከአንድ አጎት ኪስ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። በዚያ ሁሉ ዘመድ ፊት፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ሥር፣ እጄ ሥራውን ጀመረች። ጠብ። የመምህሩ ጫማ በእግሬ ላይ አረፈ። "ዞኦ" አልኩ፣ በቀጭን ድምፅ። ቤቱ አጉረመረመ። ሎሚ ጠብ አደረግኩበት። ረገጠኝ። "ቢጫ ሆነች" አልኩ። አባትየው መሐረቡን ተቀብለው በብርሃን በኩል አገላብጠው አዩት።

የሙሽራዋ አክስት፣ ሰፊ ሴት፣ መምህሩን በጣታቸው ጠሩት። ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ፤ ዝቅ ያለው ድምፃቸው ግን ቦዲቲ ድረስ ይሰማል።

"ልጄ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነው። ለሴቶቹ አስተምርልን። ለወንዶቹ ግን ምን አስቸኮለህ?"

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደገፉ። ሙሽራዋ ከነጠላዋ ሥር ስትንፈቀፈቅ አየኋት። አባትየው እንደ ተቆጡ ለመቆየት ታገሉ፤ አቃታቸው፤ ካሴቱን ራሳቸው አውጥተው ሰጡን።

በዚያ ሳቅ መሀል ከጓሮው በር በኩል አንድ ሰው አየሁ። የአረካዋ ልጅ። ተከራይታ የምትኖረው በዚያ ግቢ ነበር። በሩን ተደግፋ ሁሉንም አይታለች። ወደ ጠረጴዛው መጣችና መሐረቡን አነሳች።

"ቲቸር፣ እንግዲህ ቤዝ ማለት እንደ ሳሙናው ነው?"

"እንደ ሳሙናው።"

"ሎሚው አሲድ። ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ያጠፋል።"

"ያጠፋል!" አለ መምህሩ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ከሳቁ ይሁን ከሌላ አላውቅም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። ወደ እኔ! አውራ ጣቴ ላይ ያለውን የማጭድ ጠባሳ አየች። "እጁ አንተ ነህ እንዴ?"

ስንት ቀልድ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አንድም አልመጣልኝም። "እኔ ነኝ" አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ቪዲዮ ቤቱ በር ላይ የነበረው ሰልፍ መናኸሪያውን ዞሮ ተመለሰ። ተማሪ ብቻ መሰለህ? የሠርጉን ወሬ የሰማ ሁሉ መጥቷል፤ ሻጭ፣ ሾፌር፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ሳይቀሩ። መምህሩ ፊልሙን ደጋግሞ አሳየ። የአረካዋ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያየች፣ ሌላው ሲስቅ እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግም ነበር። እኔ መቀመጥ አቅቶኝ በሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

ውጤት የመጣው በክረምት ነው። እሷ አለፈች። እኔም ለቴክኒክና ሙያ የሚያበቃ ቁራጭ ውጤት አገኘሁ። በዚያ ክረምት ጥቂት ጊዜ ተገናኝተን በጭቃው መንገድ አብረን ሄድን፤ እኔ አወራለሁ፣ እሷ ትሰማለች፣ አንዳንዴም ትስቃለች። መስከረም ሲገባ "ሐዋሳ ልሄድ ነው" አለችኝ።

"መቼ?"

"ከጊፋታ ማግስት፣ ጠዋት። መናኸሪያ ትሸኘኛለህ?"

"ዳሞታን ተሸክሜ እመጣለሁ።"

"ብቻህን ናልኝ። የበዓል ሰሞን ነው፣ ሰው ይበዛል። ሁሉም ዱንጉዛ ለብሶ መናኸሪያው ቀይ በቀይ ይሆናል። እኔ አረንጓዴ ሻሽ አስራለሁ። ዕውር እንኳ አያጣኝም።"

ሳቅኩ። ከሚገባው በላይ ሳቅኩ። ያን ጊዜ አንድ ቃል መናገር እችል ነበር፤ ሳልናገር ተሰናብቻት ሄድኩ።

ገና ጎህ ሲቀድ መናኸሪያው ደረስኩ። ኪሴ ውስጥ አንድ ሎሚ ነበር፤ ለእሷ። የጊፋታ፣ የዘመን መለወጫችን ጭፈራ ገና ከሰው ጉሮሮ አልወጣም፤ ሁሉም ዱንጉዛውን፣ ባለ መስመሩን የወላይታ ልብስ ለብሶ፣ ዶሮ ታቅፎ፣ ቅቤ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ይጋፋል። ረዳቶች ይጮኻሉ፦ "አረካ! አረካ!" "ቦዲቲ የሞላ!" "ሐዋሳ! ሐዋሳ!" ሻሽ ያሰረችውን ሁሉ ከኋላ እየሄድኩ በፊት በኩል አየሁ። አንዷ ሰደበችኝ። አንዷ "ልጄ፣ ማን ጠፋብህ?" አለችኝ። ከአውቶቡስ አውቶቡስ ሮጥኩ። ሎሚው በእጄ ውስጥ እየሞቀ ይሸታል። የሐዋሳው አውቶቡስ ጡሩንባ ነፋ። ስደርስ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ከመስኮቶቹ በአንዱ እጅ ወጣ። ለማን እንደሚውለበለብ አላወቅኩም። ከመስኮቱ ውስጥ የታሰረ ሻሽ አየሁ። ሻሽ መሆኑን ብቻ።

በኋላ ለክፍል ጓደኛችን "ያ ቀልደኛ አልመጣም" ብላ እንደጻፈች ሰማሁ። ሌላ ምንም አልሰማሁም። መምህሩም በዓመቱ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። ካሴቱ ላይ ካሜራማኑ ሌላ ሠርግ ቀረጸበት።

እኔ ቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሪክ ተመድቤ ብዙም ሳልቆይ የተሳሳተ ሽቦ አገናኝቼ ግቢውን አጨለምኩት። አሠልጣኙ ሁለት ሽቦ ፊቴ ላይ ይዞ "ይሄ ምን ቀለም ነው? ይሄስ?" አለኝ። ከዚያ በማግስቱ እንጨት ሥራ አስገቡኝ፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነኝ።

ቀይና አረንጓዴ አልለይም። ከተወለድኩ ጀምሮ። እርዱ ሲቀላ የማየው ትንሽ ጠቆር ማለቱን ነው፤ ልጅ ሳለሁ ሰው ሁሉ ስለ ቀለም ሲያወራ የሚያጋንን ይመስለኝ ነበር፣ እኔ ራሴ አጋናኙ። የዚያን ፊልም ቀለም አንድም ቀን አይቼው አላውቅም። ዛሬ ጠዋትም ሸሚዜ መቅላቱን ያወቅኩት ልጄ ስትጮህ ነው።